በረንዳ ላይ የተሰቀለች ሉፕ አንቴና፦ ከስድስት ወር በኋላ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳዬ ሁለት እርምጃ ተኩል ነው፤ ግማሹን ደግሞ የልብስ ማስጫ ይዞታል። እዚህ ሆኜ በአጭር ሞገድ አማተሮችን፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው በግል ራዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎችን አዳምጣለሁ። ለ40 ሜትር ባንድ (7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ላለው የሞገድ ክልል) የተለመደው ዳይፖል፣ ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው የሽቦ አንቴና፣ 20 ሜትር ገደማ ሽቦ ይፈልጋል። ሞክሬ ነበር፤ ከመስኮቴ እስከ ግቢው ባሕር ዛፍ ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ። ሳምንት ሳይሞላው የብሎኩ ኮሚቴ መጥቶ "መብራት እየሳብክ ነው እንዴ?" ብሎ አስወረደኝ። አልተቀየምኳቸውም፣ እኔም ባየው እጠረጥር ነበር።

ከዚያ ነው ይቺን ማግኔቲክ ሉፕ በዘመድ ሻንጣ ያስመጣኋት። ወደ 150 ዶላር ወጣብኝ። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ቀለበት ናት፤ ከታች አንቴናዋን ከሚፈለገው ሞገድ ጋር የሚያስማማ፣ በእጅ የሚዞር ካፓሲተር ያለበት ጥቁር ሳጥን አላት፣ ከላይ ደግሞ የራዲዮው ኬብል የሚገባባት ትንሽ ቀለበት።

አጠቃቀሟ ሲወራ ቀላል ነው። ራዲዮውን 7.1 ሜጋኸርዝ ላይ ታደርጉና ማዞሪያውን ቀስ እያላችሁ ታዞራላችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ድንገት ሹሹታው ያብጣል፣ ከፀጉር በቀጠነ እንቅስቃሴ ደግሞ ተመልሶ ይሞታል። ያበጠበት ቦታ ላይ መቆም ነው ሥራው። ችግሩ፣ ልክ አገኘሁት ብዬ እጄን ሳነሳ ጣቢያው ከእጄ ጋር አብሮ ይሄዳል! የሰው እጅ ሲጠጋ ራሱ እንደ ካፓሲተር ስለሚሆን ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በንዴት ነው ያሳለፍኩት። በኋላ ማዞሪያውን ነቀልኩና፣ የመብራት ሽቦ የሚገባበትን ዓይነት የፕላስቲክ ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ቆርጬ ማዞሪያው የነበረበት ዘንግ ላይ ሰካሁ፣ በናስትሮ ጠመጠምኩት፣ አሁን ከሩቅ ሆኜ ነው የማዞረው። 150 ዶላር ያስከፈለ ሰው ይቺን ቱቦ አብሮ ቢልክ ምን ነበረበት?

ሌላው፣ ጠባብ ናት። 30 ኪሎኸርዝ ያህል ከተንቀሳቀስኩ እንደገና ማዞር አለብኝ። ባንዱን ከዳር እስከ ዳር መቃኘት ለሚወድ ሰው አሰልቺ ነው። ግን ይሄ ጠባብነት ማታ ማታ ይክሳል። ከ7.2 ሜጋኸርዝ በላይ ያሉት ትልልቅ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ሲመሽ ይጮኻሉ፤ በፊት የነበረኝ፣ ካፓሲተር የሌለው ርካሽ ባለማጉያ ሉፕ እነሱንም አማተሮቹንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ገንፎ ያደርግብኝ ነበር። ይቺ ታጠራለች።

በጣም የወደድኩት ግን ስትዞር የምታደርገውን ነው። በቁሟ ሰቅላችሁ ስታዞሯት ጠርዟ ያየው አቅጣጫ ይሰማል፣ ፊቷ ያየው ይደነቁራል። ኮንዶሚኒየም ደግሞ የጩኸት ጎተራ ነው፦ ኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀር፣ የዲሽ ሪሲቨር፣ ሁሉም ዝዝዝ ይላል። ሁለት ወር ሙሉ የፎቁን ሰው ሁሉ ስጠረጥርበት የነበረውን አንድ ጩኸት ሉፗን እያዞርኩ ስከተለው የራሴው ዋይፋይ አዳፕተር ሆኖ አረፈው። አዳፕተሩን ቀየርኩ፣ ግማሹ ጩኸት ጠፋ። የቀረውን ፊቷን ወደ ደረጃው በማዞር እቀንሰዋለሁ።

የማልወደው ሳጥኑን ነው። ለውጭ ተሠራ ይላል፣ ግን በመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ውስጡ ረጠበ። አሁን በፌስታል ጠቅልዬዋለሁ፣ በረንዳዬ ላይ የተሰቀለ ሙክት ሥጋ መስሏል። ብሎኖቹም ቶሎ ይላላሉ። 80 ሜትር ባንድ (3.5 ሜጋኸርዝ አካባቢ) ደግሞ ጭራሽ አትደርስም፣ ከ5 ሜጋኸርዝ በታች አትሞክሩ።

እኔ ፈቃድ ስለሌለኝ አዳማጭ ብቻ ነኝ። ፈቃድ ኖሮት በእንዲህ ዓይነት ሉፕ ማስተላለፍ የሚያስብ ግን ይጠንቀቅ፦ በ100 ዋት ካፓሲተሩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል፣ ልጆች ልብስ የሚያሰጡበት በረንዳ ላይ የሚደረግ ነገር አይደለም። ጣቢያ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ኢቲ3ኤኤ የሚባለው የአማተር ራዲዮ ክለብ ጣቢያ አለ።

ከሰዓት በኋላ 20 ሜትር ባንድ፣ ሲመሽ 40 ሜትር ባንድ ላይ ነኝ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ "ወይኔ!" ሲል እኔ ባለባትሪዋን ራዲዮ ይዤ ወደ በረንዳ እሮጣለሁ፤ የሰፈሩ ጩኸት ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ ባንዱ ጸጥ ይላል። ባለፈው ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲሁ ጠፍቶ፣ አንድ ጣልያን አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ ገባ። ጎረቤቴ እማማ ሻማ ይዘው ወጡ።

"ልጄ፣ ዲሽህ ያለ መብራት ይሠራል እንዴ?"

"ዲሽ አይደለም እማማ፣ ራዲዮ ነው።"

"ማነው የሚያወራው ታዲያ?"

"ጣልያን ነው።"

"እስካሁን አልሄዱም?" ብለው በሩን ዘጉት።