ብራውዘርስታክ ለአማርኛ ድረ ገጽ፦ የት ዋጋውን ያወጣል፣ የት አያወጣም

በላፕቶፕ ክሮም ላይ ያማረ የአማርኛ ድረ ገጽ ዊንዶውስ 7 በተጫነበት የቢሮ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ «ይመዝገቡ» የሚለው አዝራር ባዶ ነጭ ቦታ ሆኖ ይቀራል። አዝራሩ አለ፤ ሲጫኑትም ይሠራል። የጠፋው ከጽሑፉ ጀርባ የነበረው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ነጭ ፊደል ነጭ ላይ ቀርቷል። ክሮም ለዊንዶውስ 7 የወጣበት የመጨረሻው ስሪት 109 ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ነው። ገጹ የተሠራበት ቴይልዊንድ 4 (ለገጽ መልክ ዝግጁ የሲኤስኤስ ስብስብ) ደግሞ ቀለሞቹን «ኦኬኤልሲኤች» በሚባለው አጻጻፍ ስለሚያወጣ ቢያንስ ክሮም 111 ይፈልጋል። ብራውዘር የማያውቀውን የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) መስመር ሲያገኝ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቀለሙ በቫሪያብል በኩል ከመጣ ደግሞ ከበላዩ የጻፋችሁት መጠባበቂያ ቀለም እንኳ አያድነውም።

ብራውዘርስታክ እንዲህ ያለውን ጉድ ደንበኛው ስልክ ከመምታቱ በፊት ለማየት የሚያስችል የኪራይ አገልግሎት ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሙምባይ ውስጥ ነው። «ላይቭ» በሚባለው ክፍሉ ማሽን ትመርጣላችሁ፣ የብራውዘር ስሪት ትመርጣላችሁ፣ አድራሻውን ታስገባላችሁ፤ ከዚያ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ወይም ስልክ በራሳችሁ ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል። አሮጌ የዊንዶውስና የማክ ስሪቶች አሉት፤ ስልኮቹም እውነተኛ ስልኮች እንጂ ኢሙሌተር (ስልክን የሚያስመስል ፕሮግራም) አይደሉም።

የዝርዝሩ ርዝመት ግን አያታልላችሁ። የብራውዘሩ ስም ብዙ ነው፣ ገጹን የሚስለው ሞተር ግን ሦስት ነው። ክሮም፣ ኤጅ ከ2020 ወዲህ፣ ኦፔራ ከ2013 ወዲህ፣ ሳምሰንግ ኢንተርኔትም ጭምር በብሊንክ ነው የሚሄዱት። ፋየርፎክስ የራሱ ጌኮ አለው፤ ሳፋሪ በዌብኪት ይሠራል። አዲስ ክሮምን አይቶ አዲስ ኤጅን መክፈት ያንኑ ቤት በጓሮ በር መግባት ነው። ደቂቃችሁን ማውጣት ያለባችሁ በሞተር ልዩነትና በስሪት ዕድሜ ላይ ነው።

አገልግሎቱ ዋጋውን የሚያወጣበት ቀዳሚው ቦታ አይፎን ነው። ሳፋሪ ለዊንዶውስ መሠራቱ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ የአይፎንን ሳፋሪ በራስ ኬብል ለመመርመር ደግሞ አይፎኑም ማኩም ያስፈልጋሉ። በአይፎን ላይ የተጫነ ክሮምም ቢሆን ስሙ ብቻ ነው ክሮም፤ አፕል በአብዛኛው ዓለም በአይፎን ያሉ ብራውዘሮች ሁሉ ዌብኪትን እንዲጠቀሙ ሲያስገድድ ቆይቷል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖች የሚያነቡት የዜና፣ የዕድር ወይም የቤተ ክርስቲያን ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ፈተና መዝለል አይቻልም። ብራውዘርስታክ በአይፎኑ ላይ የመመርመሪያ ሰሌዳውን ጭምር ስለሚከፍት፣ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ተቀምጣችሁ የሳፋሪን ኮንሶል (የስሕተት መልእክቶች የሚጻፉበትን) ማንበብ ትችላላችሁ። ክፍያውን ትክክለኛ የሚያደርገው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

እዚያ ምን ይታያል? መጀመሪያ ፎርሙን ንኩ። የማስገቢያ ሳጥኑ ፊደል ከ16 ፒክስል ካነሰ ሳፋሪ ሲነካ ገጹን ያጎላዋል፣ ከዚያም ተጠቃሚው በጣቱ እየጎተተ «ላክ» የሚለውን ሲፈልግ ይውላል። ቀጥሎ ቁመቱ «100 ቪኤች» (የስክሪኑ ሙሉ ቁመት) የተባለውን ክፍል ተመልከቱ፤ ሳፋሪ የአድራሻው አሞሌ የሚሸፍነውን ቦታም አብሮ ስለሚቆጥር ከታች ያለው አዝራር ይደበቃል። መድኃኒቱ በወቅቱ የሚታየውን ቁመት የሚለካው «ዲቪኤች» ነው፤ ከሳፋሪ 15.4 ጀምሮ ይሠራል። በቀኑና በሰዓቱ መካከል ክፍተት ያለበት «2025-01-15 10:30» የመሰለ ጽሑፍም ክሮም ይቀበለዋል፣ የቆዩ ሳፋሪዎች ግን የማይረባ ቀን ብለው ይመልሱታል።

ስልክ ስትመርጡ አዲሱን ብቻ አትምረጡ። የሳፋሪ ስሪት ከስልኩ ሲስተም ጋር የታሰረ ነው፤ አይፎን 7 ከአይኦኤስ 15 አያልፍም። ቴይልዊንድ 4 ሳፋሪ 16.4ን ስለሚጠይቅ፣ እዚህም የሚበላሽ ነገር ሊኖር ይችላል።

ገና ሰርቨር ላይ ያልወጣ ሥራ ለመሞከር «ሎካል» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በኮምፒውተራችሁ ላይ ማስነሳት አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሳፋሪ ላይ «ሎካልሆስት» (የራስ ኮምፒውተር አድራሻ) ብሎ መክፈት አይሄድም፤ በምትኩ «ቢኤስ-ሎካል ዶት ኮም» በሚለው አድራሻ፣ የፖርቱን ቁጥር አስከትሎ መግባት ነው። ያን ስታደርጉ ደግሞ ቫይት የሚባለውን የመሥሪያ ሰርቨር የሚጠቀም ፕሮጀክት ያልተፈቀደ አድራሻ ነው ብሎ ይከለክላችኋል፣ ምክንያቱም ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ የወጡት ስሪቶቹ የሚመጣውን ስም ይፈትሻሉ። አድራሻውን በሰርቨር ማስተካከያው ውስጥ ከተፈቀዱት ስሞች ጋር ጨምሩና ሰርቨሩን እንደገና አስነሱ።

ሁለተኛው ጥቅሙ ያልታሰበ ነው፦ የኪራዩ ማሽን የእናንተ ፎንት የለውም። የአማርኛ ዴቨሎፐር ኮምፒውተር ለዓመታት የተከማቸ የግዕዝ ፎንት ሞልቶበታል፤ ፓወር ግዕዝ አለ፣ ከጓደኛ የተቀዳም አይጠፋም። በሲኤስኤሱ ውስጥ የፎንቱ ስም ብቻ ተጽፎ ፋይሉ ካልተጫነ፣ ገጹ በእናንተ ዘንድ ያምራል፣ በሌላው ዘንድ ሌላ ገጽ ነው። ማሽኑ ያገኘውን ያነሣል፤ ዊንዶውስ 7 ኒያላን፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ኤብሪማን፣ ማክና አይፎን ከፋን፣ አንድሮይድ ኖቶን። የአራቱም ስፋትና ቁመት አንድ አይደለም። በአንዱ ላይ በአንድ መስመር ያለቀ ምናሌ በሌላው ሁለት መስመር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን በዓይን ግምት አትፍረዱ። በክሮም መመርመሪያ ሰሌዳ ጽሑፉን መርጣችሁ «ኮምፒውትድ» የሚለውን ክፍል እስከ ታች ብትወርዱ፣ በእውነት የተሳለው ፎንት ስምና ስንት ፊደል እንደሳለ ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ፋየርፎክስ ለዚሁ «ፎንትስ» የሚባል ክፍል አለው። ለፍተሻው ደግሞ እንዲህ ያለ መስመር በገጹ ላይ ለጥፉ፦

ጐንደር፣ ቋንቋ፣ ኰሰኰሰ፣ ፏፏቴ፤ ፲፪ ሰዓት፧ እነሆ። ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ሰሌዳው ሁለት የፎንት ስም ከጻፈ የጫናችሁት ፎንት ሙሉ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድሉት «ጐ» እና «ኰ»ን የመሰሉት ናቸው፤ ብራውዘሩ እነሱን ከሌላ ፎንት ስለሚበደር በቃሉ መካከል አንድ ፊደል ቀጥኖ ወይም ጎልቶ ይቆማል። «ጎንደር» ብለው ለሚጽፉ ችግሩ አይታይም፤ «ጐንደር» ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ሲመጣ ነው የሚወጣው።

ርዕሶቹንም እዚያው እዩ። ኒያላ ደማቅ ቅርጽ የለውም፤ ስለዚህ ብራውዘሩ ያለውን ፊደል ራሱ ያወፍረዋል፣ የ«ጭ» እና የ«ጩ» ውስጣዊ ክፍተትም ይደፈናል። የጋደለ ጽሑፍ ሲጠየቅም ፊደሉን በግድ ያዘምመዋል፤ ለግዕዝ ፊደል ይህ ውበት አይደለም። «ፎንት-ሲንተሲስ» የሚለውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ «ነን» በማድረግ ሁለቱንም መከልከል ይቻላል፤ ክሮም ከ97 ጀምሮ ያከብረዋል። ከሁሉም የሚሻለው ደማቁንና መደበኛውን የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፋይል ከራሳችሁ ሰርቨር ማቅረብ፣ የመስመሩን ከፍታም ለፎንቱ ሳትተዉ በቁጥር መወሰን ነው፤ 1.7 አካባቢ ለአማርኛ ደህና ነው።

የመስመር መቆረጥም አለ። ብራውዘር መስመር የሚሰብረው ክፍት ቦታ ወይም ሁለት ነጥብ ሲያገኝ ነው። አራት ነጥብ ግን እንደ ተራ ፊደል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ከ«።» በኋላ ክፍት ቦታ ካልተተወ የፊተኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻና የኋለኛው መጀመሪያ እንደ አንድ ረጅም ቃል ተጣብቀው፣ 360 ፒክስል ስፋት ባለው ስልክ ላይ ገጹን ወደ ጎን ይገፉታል። ይህ የጸሐፊው የአተየብ ስሕተት እንጂ የብራውዘሩ አይደለም፤ ቢሆንም የሚወቀሰው ዴቨሎፐሩ ነው። ዝርዝርን በ፩፣ ፪፣ ፫ እንዲቆጥር «ኢትዮፒክ-ኒውመሪክ» ብላችሁ ካዘዛችሁም በአሮጌ ስሪቶች ላይ አረጋግጡ፤ የማያውቀው ብራውዘር በዝምታ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ይቆጥራል። ጽሑፉ ውስጥ «በአንቀጽ ፫ እንደተገለጸው» የሚል ካለ ነገሩ ይዛነፋል።

ወደ ድክመቱ። የሚታየው ስክሪን በኢንተርኔት የሚመጣ ቪዲዮ ነው፤ መስመራችሁ ሲደክም ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ገጹ ሲሸበለልም ይንገጫገጫል። ስለዚህ የፊደል ጥራትንም ሆነ የእንቅስቃሴ ፍጥነትን በዚህ አትመዝኑ። አማርኛ ጽሑፍ ለማስገባትም በኪቦርድ ከመታገል ቀድሞ ጽፎ መለጠፍ ይቀላል። ክፍያው በዶላር ነው፤ ከአገር ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዋናው እንቅፋት ምናልባት እሱ ነው። የኮምፒውተር ብቻ የሆነው ጥቅል ረከስ ይላል፤ አይፎን ግን ስለሌለበት ለአብዛኛው ሰው የማይረባው እሱ ነው።

ለአንድሮይድ መክፈል አስፈላጊ አይመስልም። ሰው እጅ ላይ ያለው ስልክ ቴክኖና አይቴል ከሆነ፣ ከዚያው ዓይነት አንድ ያገለገለ ገዝቶ በኬብል ማገናኘት ይበልጣል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የ«ቢልድ» ቁጥሩን 7 ጊዜ ነክታችሁ የዴቨሎፐር ምርጫዎችን ክፈቱ፣ የዩኤስቢ ምርመራውን አብሩ፣ በኮምፒውተሩ ክሮም «ኢንስፔክት» ወደሚለው ገጽ ግቡ፤ ስልኩ ላይ የተከፈተው ገጽ ከነኮንሶሉ ይመጣል። ስልኩ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል መረጃ አያሳልፍም። አሮጌ ስልክ አትናቁ፦ አንድሮይድ 7 ላይ ክሮም 119 ላይ ቆሟል፣ አንድሮይድ 6 ላይ 106 ላይ። ኦፔራ ሚኒንም በዚሁ ስልክ ሞክሩ። ከፍተኛ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹን የሚያዘጋጀው የኦፔራ ሰርቨር ነው፤ የጫናችሁትን ፎንት አያመጣም፣ ጃቫስክሪፕቱም በስልኩ ላይ አይሮጥም። በጃቫስክሪፕት ብቻ የሚከፈት ምናሌ እዚያ የሞተ ነው።

የማይክሮሶፍቱ ፕሌይራይት ብራውዘርን በኮድ የሚነዳ የፍተሻ መሣሪያ ነው፤ ነጻ ሲሆን ክሮሚየምን (የክሮም መሠረት)፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን አስነሥቶ በየስክሪን ስፋቱ ፎቶ ያነሣል፤ የዕለት ተዕለቱ ፍተሻ የእሱ ሥራ ነው። ዌብኪቱ ግን ሳፋሪ አይደለም። የአይፎን የአድራሻ አሞሌና ኪቦርድ የለውም፣ የቪዲዮ አጫዋቹም ይለያል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ካስኬዳችሁት ደግሞ ፎቶው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል፤ ገጹ ተበላሽቶ ሳይሆን ማሽኑ የግዕዝ ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶን ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ጫኑበትና ድገሙት።

ብራውዘርስታክን መጀመሪያ በነጻው ሙከራ እዩት፤ የሚሰጠው ደቂቃ ግን የተቆጠረ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የገጾቹን አድራሻ፣ የፍተሻውን መስመርና ፎርም ላይ የምትለጥፉትን ጽሑፍ በአንድ ፋይል አዘጋጁ። አይፎን በአይኦኤስ 15 ይቅደም፤ ፎርሙንና የታችኛውን አዝራር ንኩ። ከዚያ አዲስ አይፎን፣ ከዚያ ዊንዶውስ 7 በክሮም 109፣ በመጨረሻ ዊንዶውስ 11 ላይ የፎንቱን ስም ከሰሌዳው አንብቡ። ደቂቃ ከተረፈ ፋየርፎክስን ክፈቱ።