የውጭ በራችን ካሜራና ደወል የተስተካከለው በዚህ አክሰስ ፖይንት (ከራውተሩ በኬብል ወስዶ ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሳሪያ) ነው፦ ቲፒ-ሊንክ ኢኤፒ110 አውትዶር

ቤታችን ጎንደር ማራኪ ነው፣ የአያቶቼ የድንጋይ ቤት፣ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ነው ውፍረቱ። ራውተሩ ሳሎን ነው፣ የውጭ በሩ ደግሞ ወደ 30 ሜትር ይርቃል፣ እሱም ላሜራ።

እማዬን ጉልበቷን ስለሚያማት በየሰው ኳኳታ ደጅ እንዳትመላለስ ብዬ ካሜራ ያለው ደወልና አንድ የውጭ ካሜራ ገዛሁላት። ግን ሰው ደወሉን ይጫናል፣ ስልኳ የሚጮኸው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፣ ስትከፍተው ደግሞ ክቧ እየዞረች ምስል የለም። አንዴ እህቴ ከአዲስ አበባ የላከችላትን መድሃኒት የያዘው ልጅ በር ላይ ቆሞ ቆሞ ተመለሰ፣ ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ።

መጀመሪያ የኢንተርኔት ፓኬጅ አሳደግኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ቀጥሎ ሪፒተር (ዋይፋይ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ) ገዝቼ በረንዳ ላይ ሰካሁ፣ በር ላይ ሲግናሉ ሙሉ ያሳያል ቪዲዮው ግን ይቆራረጣል፣ ለካ ሪፒተሩ ራሱ በድንጋዩ አልፎ የደረሰውን ደካማ ሲግናል ነው የሚያባዛው፣ በዛ ላይ በአንድ ቻናል ተራ በተራ ስለሚቀበልና ስለሚልክ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። በነፃ አፕ በር ላይ ስለካው ከራውተሩ የሚደርሰው -83 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ነበር፣ ለቪዲዮ -67 ወይም ከዛ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው ጥሩ የሚባለው።

ይሄ አክሰስ ፖይንት ግን ሲግናሉን በገመድ ነው የሚወስደው። የኔትወርክ ኬብሉን በመስኮቱ ፍሬም አሳልፌ ከውጭ ግድግዳው ላይ ወደ በሩ ፊቱን አዙሬ ሰቀልኩት፣ መብራቱም በዛው ኬብል ስለሚሄድ ውጭ ሶኬት አያስፈልግም፣ አዳፕተሩ አብሮት ይመጣል። 24 ቮልት ስለሆነ በሱ አዳፕተር ብቻ ተጠቀሙ። ኬብል ስትገዙ ሙሉ መዳብ መሆኑን ጠይቁ እባካችሁ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ርካሽ ነው ግን ኃይል ይበላል፣ ለፀሐይም ጥቁሩ የውጭ ኬብል ይሻላል። እኔ 18 ሜትር ነው የፈጀሁት። አይፒ65 ነው፣ አቧራም ዝናብም አያስገባም፣ ክረምቱን ሙሉ ዘንቦበታል።

አሁን በር ላይ -58 ነው። ደወሉ ግን ላሜራው ላይ እንደተለጠፈ -71 ነበር፣ ብረቱ አንቴናውን ያፍነዋል፣ ነቅዬ አጠገቡ ያለው የድንጋይ ምሰሶ ላይ ሳስረው ነው የተስተካከለው። ባትሪውም በሳምንት ሁለቴ ቻርጅ ይፈልግ የነበረው አሁን ወር እየሞላ ነው፣ ሲግናል ሲደክም ደወሉ ደጋግሞ ስለሚልክ ነው ባትሪ የሚጨርሰው።

ቻናሉን አውቶ ላይ አልተውኩትም፣ ራውተሩ 1 ላይ ስለሆነ እንዳይረባበሹ ይሄን 6 ላይ አደረግኩት፣ 11ም ይሆናል፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ።

የሚሰራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ለካሜራ ችግር የለውም፣ አብዛኞቹ የውጭ ካሜራዎች እሱን ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ግድግዳም ከ5 ጊጋኸርዙ የተሻለ ያልፋል። ግቢ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ ለመስራት ከሆነ ግን 5ም ያለውን ኢኤፒ225 አውትዶር ውሰዱ።

ትናንት ጎረቤታችን ስትደውል እማዬ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች በስልኳ አየቻትና «ግቢ እታለም፣ ክፍት ነው» አለቻት። የቀረኝ መብራት ሲጠፋ ራውተሩንና አዳፕተሩን አብሮ የሚይዝ ትንሽ ዩፒኤስ ነው፣ ሁለቱም ሳሎን ስለሆኑ አንዱ ይበቃል።