ደሴ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሰራ ሰው ለምትፈልጉ፣ እኔን ያሳረፈኝን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሦስት ወር ያስለቀሰችኝ መኪና ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናት፣ አንዴ ቁልፍ ሳዞር ቀጥ ብላ ትነሳለች። ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ውለታ መብላት ነው የሚሆንብኝ።

ከአባቴ የቀረችኝ አሮጌ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ፒካፕ አለችኝ። ከኮምቦልቻ እንቁላልና አትክልት እየጫንኩ ደሴ ላሉ ሱቆች የማከፋፍለው በሷ ነው። እንጀራዬ ናት። አንድ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ዝም አለች። የክሩስኮት መብራቱ ይበራል፣ ሬዲዮው ይናገራል፣ ሞተሩ ግን ጭጭ። አምስቴ ስድስቴ ሳዞረው አንዱ ላይ ያዘላት። ከዛ ቀን በቀን እየባሰ መጣ።

የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ጋ ገና ቦኔቱ ሳይከፈት "ባትሪ ነው" አሉኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች። ሁለተኛው ጋ "የደሴ ብርድ ነው" ተባልኩ። እርግጥ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ጠዋቷ ያንቀጠቅጣል። ግን ኮምቦልቻ ወርጄ በቀትር ፀሐይም እኮ አልነሳ ትላለች! ይሄን ስላቸው "እንግዲያው ሞተሪኖው አልቋል" ብለው (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ማለት ነው) ያገለገለ ሞተሪኖ ገጠሙልኝ። የድሮውን ስጡኝ ስል "ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ። እስከዛሬም አላገኘሁትም። ሦስተኛው ጋ ደግሞ ሽቦውን ሁሉ በጣጥሰው በፕላስተር ጠቅልለው መለሱልኝ። ከሁሉ ያንገበገበኝ አብሮኝ ለሄደው የአክስቴ ልጅ እንጂ ለእኔ አለማውራታቸው ነው። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። መኪናው የኔ፣ ገንዘቡ የኔ፣ የሚነዳትም እኔ ነኝ!

በጠቅላላው ወደ 30 ሺህ ብር ወጣብኝ። ያ ሁሉ ወጥቶ ሐረጎ ላይ ቆመችብኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው ግን ዳገቱና ጥምዝምዙ ሌላ ነው። ጉም ወርዷል፣ ፊቴ ያለው የጭነት መኪና ቆሞ እኔም ስቆም ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ መኪና ይመጣል። ከጀርባዬ ሙሉ እንቁላል። ቁልፉን ባዞር ባዞር ወይ ፍንክች። የጭነት መኪና ረዳቶች ወርደው፣ ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ በግፊ አስነሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ያን ቀን ቤቴ ስገባ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ልሸጣት ወሰንኩ።

ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ ሰኞ ገበያ እንቁላል የምታራግፍልኝ ደንበኛዬ ናት። ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የሚሰራው። ትልቅ ጋራዥ እንዳይመስላችሁ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍልና ከፊቷ ሁለት መኪና የሚያቆም ሜዳ ናት።

ቦኔት አልከፈተም መጀመሪያ። ጠየቀኝ። መቼ ጀመረሽ? ጠዋት ነው ማታ የሚብስብሽ? ቁልፉን ነቅነቅ ስታደርጊው ይነሳል? ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም። አዎ፣ ነቅነቅ ሳደርገው ነው የሚነሳው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና አንዲት አጭር ሽቦ አመጣ። ቁልፉን መብራቱ እስኪበራ ድረስ ብቻ አዙሪው አለኝ። ቦኔቱ ስር የሆነ ቦታ ነካ ሲያደርግ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

"አብሽሪ እህቴ፣ ባትሪሽም ሞተሪኖሽም ጤነኛ ነው። የደከመው የቁልፉ ስዊች ነው" አለኝ።

ውስጡ እንዴት እንደሚሰራ አልገባኝም፣ ላስረዳችሁም አልችልም። ግን ፈቶ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። ጥፍር የሚያክሉ የነሐስ ቁራጮች ናቸው። ጠቁረዋል። የአንዷ ጫፍ ተበልቶ ተበልቶ እንደ ምላጭ ሳስቷል። "ስንት ዓመት ሙሉ በቀን ስንቴ ሲዞር፣ ምን ያድርግ ብለሽ ነው" አለኝ። ሦስት ወር ያሰቃየኝ ይቺ ናት? እዛው ቆሜ እንባዬ መጣ።

እቃውን ራሴ እንድገዛ ላከኝ። በብጣሽ ወረቀት አይነቱን ጻፈ፣ ከስሩ ዋጋውን ጻፈ፣ "ከዚህ በላይ ካሉሽ ሳትገዢ ደውይልኝ" አለኝ። 1,800 ብር ገዛሁት። ለእጁ 500 ብር ብቻ ተቀበለኝ። ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለ። የተበጣጠሰውን ሽቦ እንኳ ሳልጠይቀው አስተካክሎልኛል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አይወጣም። የመኪናዋ ቁልፍ ከአባቴ ቁልፎች ጋር ነው የሚንጠለጠለው። የቤቱ፣ የድሮ ሱቁ፣ የሳጥኑ፣ የምን እንደሆኑ የማላውቃቸውም አሉበት። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው፣ እሱ እንዳሰራቸው ነው የያዝኳቸው። ልጁ እጁ ላይ መዘን አደረገውና የማን ነው አለኝ። የአባቴ ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዛ ይሄ ክብደት ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ስለሚጎትተው የቁልፉን ስዊች ቶሎ ይበላዋል ብሎ በቀስታ አስረዳኝ። የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ አወጣ። የቀሩትን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ሰጠኝና "እነዚህን ቤት አስቀምጫቸው፣ የአባት እቃ ነው" አለኝ። ያን ያህል ገንዘብ የበሉኝ ሰዎች ሁሉ ያንን ቁልፍ ይዘውት ነበር። አንዱም አላየውም።

ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ በተለይ ደግሞ ሴት ሆናችሁ ጋራዥ መሄድ የሚጨንቃችሁ፣ እባካችሁ ወደዚህ ልጅ ሂዱ። ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሂዱ። ሞተሪኖ ከማስቀየራችሁ በፊት ሂዱ። ይጠይቃችኋል፣ ያዳምጣችኋል፣ የተበላሸውን በእጁ ይዞ ያሳያችኋል። እጁን ይባርክለት።

ስልኩን አደባባይ ላይ አልለጥፍም፣ በውስጥ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን አስፈቅጄው እሰጣለሁ። ጠዋት በጊዜ ብትሄዱ ይሻላል፣ ከረፈደ ወረፋ አለ። አርብ ለጁምዓ ይዘጋል፣ ከሰዓት ይከፍታል።