የአዳራሽ ሥልጠና ወይስ የቡድን ምክክር? ለግጦሽ ከብት አርቢዎች የሚበጀው

የአዳራሽ ሥልጠና ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ነው። 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም በቀን ከክብደቷ ከ2 እስከ 3 በመቶ፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 ኪሎ ግራም ደረቅ መኖ (በውስጡ ያለው ውሃ ሳይቆጠር) ትፈልጋለች። መሬቱ ስንት ከብት እንደሚሸከም ለማስላት ከዚህ መነሣት ይቻላል፤ ይህንንም ብዙ ሰው በአንድ ጠዋት ይማረዋል።

ሣሩ ግን ስሌት አያውቅም። ዝናብ ሲዘገይ መንጋውን መቼ ማዛወር፣ የተጋጠውን መሬት ምን ያህል ማሳረፍ እንደሚገባ ዐይን የሚለምደው ወቅት ሲፈራረቅ ነው። በቡድን ምክክር ጥቂት አርቢዎች ከአሠልጣኝ ጋር በየተራ በአንዳቸው መሬት ላይ ይገናኛሉ፤ የቀረውን ሣር ቁመት ይለካሉ፣ የከብቶቹን አቋም ያያሉ፣ ይከራከራሉም። በ1989 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ለሩዝ ገበሬዎች የተጀመረውና በኋላ ወደ አርብቶ አደሮች የተሻገረው የመስክ ትምህርት ቤት አካሄዱ ከዚህ ይቀራረባል።

እርግጥ ነው፣ የቡድን ምክክርም ችግር አለው፤ ዕዳውንና የሞቱበትን ጥጆች በጎረቤት ፊት መዘርዘር የሚወድ የለም። አንደበተ ርቱዕ የሆነ አንድ ሰውም ውይይቱን ሊጠቀልለው ይችላል፤ አሠልጣኙ ልጓም መያዝ አለበት።

ለመርፌ አወጋግና ለመኖ ስሌት ሥልጠናው ይበቃል። የግጦሽ ውሳኔ ለሚያስጨንቀው አርቢ ግን ቡድኑን እመርጥለታለሁ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብና የበጋ ዑደት አብሯቸው እስከቆየ ድረስ።