ቡኒየን በትንሽ ቀዳዳ፦ ፋሻ፣ ሽቦ ወይስ ብሎን?

ከእግር አውራ ጣት ሥር የሚወጣው ጉብታ፣ ቡኒየን የሚሉት፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የበቀለ ትርፍ አጥንት አይደለም። ቦታውን የለቀቀ አጥንት ነው። አጥንቱ ወደ ጎን ሲሸሽ አውራ ጣት ደግሞ ወደ ሌሎቹ ጣቶች ይጋደማል። ስለዚህ ጉብታውን መላጨት ብቻ አይበቃም፤ አጥንቱ ተቆርጦ ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ይህንኑ ሥራ አሁን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር በሆኑ ቀዳዳዎች መሥራት ይቻላል። ሐኪሙ በራጅ እየተመለከተ፣ በምትሽከረከር ቀጭን መቁረጫ አጥንቱን ይቆርጣል። መቁረጫዋ ስለምትግል ውሃ ይፈስባታል። ቀዳዳው ትንሽ ሆነ ማለት ግን ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ማለት አይደለም። ሦስቱን ዘዴዎች የሚለያቸው የተቆረጠውን አጥንት የሚይዘው ነገር ነው።

ፋሻ፦ የቆየው ዘዴ ነው። ውስጥ የሚቀር ብረት የለም። ነገር ግን ጣቱን የያዘው ፋሻ ብቻ ስለሆነ፣ ከላላ ጣቱም አብሮ ይሄዳል። ጉብታው ትንሽ ለሆነ ሰው ካልሆነ አልመክረውም።

ሽቦ፦ ጫፉ ከቆዳ ውጭ ይቀራል፣ ከሳምንታት በኋላ ተስቦ ይወጣል። እስከዚያው እግርን ውሃ ማስነካት አይቻልም፤ ሽቦው የወጣበት ቦታም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ብሎን፦ ብዙውን ጊዜ ሁለት ብሎኖች አጥንቱን አጥብቀው ይይዙታል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ጠንካራ ሶል ባለው ልዩ ጫማ ይራመዳል፤ ጫማው ለ6 ሳምንት ያህል አይለቅም። የብሎኑ ራስ ቆዳ ሥር እየቆረቆረ ሌላ ቀን እንዲወጣ የሚያስገድድበት ጊዜ አለ። ቢሆንም መካከለኛ ቡኒየን ላለው ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ጣቱ በጣም ከተጋደመ ወይም ከእግሩ መሐል ያለው መገጣጠሚያ ከላላ፣ ላፒደስ የሚባለው፣ መገጣጠሚያውን የሚያጣብቀው ኦፕራሲዮን ይሻላል። ቁስሉ ሰፋ ይላል፣ እግርን ሳይረግጡ የሚቆዩበት ጊዜም ሊረዝም ይችላል።

በየትኛውም ዘዴ እብጠቱ ለወራት ይቆያል። የምታጨሱ ከሆነ አጥንቱ ቶሎ አይገጥምም። ሐኪሙን ‹‹ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ እጅ የሚፈታው በሥራ ነው። ራጁንም ቆማችሁ ተነሡ። ተኝታችሁ የተነሣችሁት የአጥንቱን መሸሽ አሳንሶ ያሳያል።