የአባቴን ፔጆ ለሐረር መንገድ ያበቁልኝ መካኒክ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ወር በሐረር ከተማ ለተዘጋጀ የጥንት መኪኖች ትርኢት ከአባቴ የወረስኋትን ፔጆ 404 ፒካፕ ራሴ እየነዳሁ ሄጄ፣ ራሴ እየነዳሁ ተመልሻለሁ። በጭነት መኪና አስጭነሽ ውሰጃት ያሉኝ ብዙዎች ነበሩ፤ ምክራቸው ለእኔ ከማሰብ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለውን ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በራሷ ጎማ መሄድ እንደምትችል አረጋግጠው የነገሩኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ይህን የምጽፈው እኒህን ሰው በአደባባይ ለማመስገን፣ አሮጌ መኪና ይዞ የሚያምነው መካኒክ ያጣ ሰው ካለም ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው።

ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ባለሙያ የሚሠሩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሁለት መኪና ብቻ በምትይዝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለም። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያላሰፈርሁት ራሳቸው ስላልፈለጉ ነው፤ ከልቡ ለሚፈልጋቸው ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በፈቃዳቸው አገናኘዋለሁ።

ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት ሌላ ጋራዥ ገብቼ ነበር። በዚያ የተነገረኝ፣ ለዚህች መኪና መለዋወጫ ስለማይገኝ ሞተሯን አውጥቶ የቶዮታ ሞተር ከመግጠም ሌላ መፍትሔ እንደሌለ ነው። የተጠየቅሁት ገንዘብ ከባድ ነበር፤ ገንዘቡ ባይከብደኝ እንኳ ልቤ እሺ አላለኝም። አባቴ ይህችን ፒካፕ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገዝቶ፣ ከመርካቶ ጨርቅና እህል እየጫነባት ስድስት ልጆች አሳድጎባታል፤ ከድምፅዋ የተነሣ እናታችን ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ሳለ መምጣቱን ታውቅ ነበር። ሞተሯ ከተለወጠ ያ ድምፅ አይኖርም።

ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ "ልጄ፣ ይህ የሚጣል ሞተር አይደለም" አሉኝና ምክንያታቸውን አንድ በአንድ አስረዱኝ። ባለአራት ሲሊንደሩ፣ 1,618 ሲሲ የሆነው ይህ ሞተር ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያዘነበለ ሲሆን፣ ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች ተነቅለው በአዲስ የሚተኩ በመሆናቸው፣ ቢያረጅ እንኳ እንደገና የሚታደስ ነው። ከዚህም በላይ ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ ያሸነፈ መኪና መሆኑን አስታውሰው፣ በኬንያ አቧራና ጭቃ የተፈተነ ሞተር የሐረርን አስፋልት የማይችልበት ምክንያት እንደማይታያቸው ነገሩኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከባለሙያ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሥራቸውን ጥራት የተረዳሁት ግን በጠየቁኝ ጥያቄ ነው። መኪናዋ ምን እንደሆነች ከመጠየቃቸው በፊት በየትኛው መንገድ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ሰውና ዕቃ ይዤ እንደምሄድ ጠየቁኝ። ከዚያም ወረቀት አውጥተው መንገዱን እንደ ተራራና ሸለቆ ሣሉት። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አዋሽ ላይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በታች ይወርዳል፤ ከዚያ በአሰበ ተፈሪ በኩል እንደገና ወጥቶ ቁልቢ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በከተማችን ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቤንዚን እንዳያበዛ ተብሎ የቤንዚን ማሳለፊያው ቀዳዳ እንዲጠብ ይደረጋል። እንደዚያው ሆኖ ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ አየሩ እየወፈረ፣ ቤንዚኑ እያነሰ ይሄድና ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ዳገት ሲገጥመውም ማንኳኳት ይጀምራል። ጋሼ ለአዲስ አበባም ለአዋሽም የሚስማማ መካከለኛ ልክ እስኪያገኙ ድረስ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈትተው ገጠሙት፤ እሳቱ የሚፈነጥቅበትንም ቅጽበት በጥቂቱ ወደ ኋላ መለሱት። ይህን ሁሉ ሲሠሩ አጠገባቸው አስቁመው ያሳዩኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ብቻዬን እንደምሆን ስላሰቡ ነው።

ራዲያተሩን አስወርደው በውስጡ የተጋገረውን ዝገት አስጸዱ። የራዲያተሩን ክዳን ግፊት ባለመያዙ ሳቢያ ለውጠው ሲያስረዱኝ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ገና ሳይግል ውሃው እንደሚያልቅ ነገሩኝ። ሞተሩ ሲሞቅ በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚያያዘውን፣ ሲቀዘቅዝ የሚለቀውን፣ ግን ለዓመታት ሳይላቀቅ ተያይዞ የኖረውን ማራገቢያም እንደገና አሠሩት። የአራቱንም ጎማ የፍሬን ታምቡር ቶርኖ ቤት ወስደው አስተካከሉ፤ የፍሬን ሸራውን ለወጡ፤ የኋላ ባሌስትራውን ቡሺንግ ራሳቸው አስቀርጸው ገጠሙ። ከመለዋወጫ ገበያው ከሱማሌ ተራ የሚገኘውን ዕቃ እኔ እንድገዛ ሳይሆን አብረን ሄደን እንድንመርጥ አደረጉ፤ የአንድ የውሃ ፓምፕ ዋጋ ተነግሮን ሳለ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በጣታቸው ካዞሩ በኋላ "ይህ ከኛው ይብሳል" ብለው ትተውት መውጣታቸውን አልረሳውም። የእኛውን አሮጌ ፓምፕ አድሰው መልሰው ገጠሙት።

በመጨረሻም አንድ የጨርቅ ከረጢት ሰጡኝ። በውስጡ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ ካንዴላዎች፣ ለእሳቱ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ አንድ ፑንቲና፣ እንዲሁም የፑንቲናው ክፍተት የሚለካባት 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ስስ የብረት መለኪያ ነበሩ። ስለ ቁልቁለቱ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ፤ ፍሬን ለመቆሚያ እንጂ ለመውረጃ አይደለም።" ቆላውንም በቀትር እንዳላቋርጥ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አድሬ ሌሊት 11 ሰዓት እንድነሣ መከሩኝ፤ እንዲሁ አደረግሁ።

መንገዱ እንዳሉት ሆነ። መተሐራ ላይ የበሰቃን ሐይቅ ስናልፍ ሙቀቱ ከባድ ቢሆንም የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ከመካከል አልወጣችም። ማግስቱን ማለዳ፣ ከሚኤሶ አልፌ የአሰበ ተፈሪን ዳገት ስጀምር ግን ሞተሩ አቅም አጣና መተኮስ ጀመረ። ጥላ ያለበት ቦታ አቁሜ ደወልሁላቸው። ገና ማለዳ ነበርና ይቅርታ ስጠይቅ አቋርጠውኝ፣ ድምፁን እንድገልጽላቸው ብቻ ጠየቁኝ። ካዳመጡ በኋላ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን እንድከፍት፣ ያቺን ስስ ብረት በፑንቲናው መካከል እንዳስገባ ነገሩኝ። ክፍተቱ ተዘግቶ ነበር። ብሎኑን ምን ያህል አላልቼ ምን ያህል እንደማጠብቅ እየነገሩኝ፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆኖ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አስተካከልሁት። ሞተሩ ተነሥቶ ሲረጋጋ ከስልኩ ማዶ የሰሙት ይመስለኛል፤ "በይ ሂጂ፣ መንገድሽን ይባርከው" ብለው ዘጉ። ሒርናን፣ ቁልቢን፣ ሐረማያን አልፌ ከቀትር በኋላ ሐረር ስደርስ እጄ በግራሶ ጠቁሮ ነበር፤ ደስታዬን ግን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ሐረር ለዚህች መኪና ባዕድ አገር አይደለችም። ፔጆ 404 በከተማዋ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ሲያገለግል ኖሯል፤ ከጁገል ግንብ ውጭ መኪናዎቹ በተሰለፉበት ቦታ ከእኔ ፒካፕ አጠገብ በብዛት የቆሙት የአሮጌ ታክሲ ሾፌሮች ነበሩ። ኮፈኑን አስከፍተው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ስለ ቀለሟ ሳይሆን "ማን ነው የሠራት?" ብለው ነው። የማራገቢያውን ሥራ ያየ አንድ ሽማግሌ ሾፌር፣ የእሱ መኪና ማራገቢያ ከተያያዘ ብዙ ዘመኑ መሆኑን ነግሮኝ የጋሼን ስልክ ወሰደ። በሽልማቱ ምንም አላገኘሁም፤ ያን የሾፌሮቹን ጥያቄ ግን ከሽልማት አላሳንሰውም።

ጥቆማዬ ሚዛናዊ እንዲሆን ማወቅ የሚገባውን ሁሉ ልናገር። ጋሼ ጥድፊያ ሥራ አይቀበሉም፤ የእኔ መኪና ሦስት ሳምንት ተኩል ቆይታለች፣ መጀመሪያ የነገሩኝ ግን ሁለት ሳምንት ነበር። የላሜራና የቀለም ሥራ አይሠሩም፤ በኮምፒውተር የሚመረመሩ አዳዲስ መኪኖችንም አይነኩም። ዋጋቸውን አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፤ የእጅ ዋጋቸው ርካሽ አይደለም፣ ተገቢ ነው። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በሙሉ በካርቶን አድርገው ያስረክባሉ፣ ለመለዋወጫ ከሰጠኋቸው ገንዘብ የተረፈውንም ከነደረሰኙ መልሰውልኛል። መኪናችሁን ስትወስዱ አባታችሁ ወይም አያታችሁ እንዴት ይነዷት እንደነበር የምታውቁትን ሁሉ ንገሯቸው፤ ይህን ከልባቸው ይጠይቃሉ፣ ከመልሱም የሚያገኙት ነገር አለ።

ከሐረር ስመለስ ከአንድ የታክሲ ባለቤት የገዛሁትን፣ ኩሽኔታው ያልተነካ የ404 የውሃ ፓምፕ ይዤላቸው ሄድሁ። በጣታቸው ለረጅም ጊዜ አዞሩት፤ ከዚያም በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በላዩ የእኔን መኪና ታርጋ ጽፈው መደርደሪያቸው ላይ አስቀመጡት። ከክረምቱ በኋላ የፍሪሲዮኑን ሥራ ለመጀመር ቀጠሮ ይዘናል።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ አይንጠፍ።