በረቱን ማየት ወይስ ወተቱን መፈተሽ?

ከሰቃ ወይም ከማና ወተት ወደ ጅማ የሚያስመጣ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ገበሬው ቤት ሄዶ በረቱን ማየት፣ ወይም ወተቱን ሲረከብ መፈተሽ።

የበረት ቁጥጥር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ገጠር ለገጠር እየዞሩ ከ100 ነጥብ ይሰጡ ነበር። 40ው ለበረቱና ለዕቃው፣ 60ው ለአሠራሩ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማን የማይጠርግ አለ? ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነጥብ ያስገኛል እንጂ ወተት አያጸዳም።

ፍተሻው ፈጣን ነው። ላክቶሜትሩ፣ ማለትም ወተት ውስጥ የሚንሳፈፈው የእፍጋት መለኪያ፣ ከወትሮው ጠልቆ ከሰመጠ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ክሬሙን ገፎ ውሃ የሚጨምር ብልጣብልጥ ግን ይሸውደዋል፤ አንዱ የወተቱን እፍጋት ሲጨምር ሌላው ይቀንሰዋላ። ለመኮምጠጡ ደግሞ እኩል ወተትና 68 በመቶ አልኮል ይቀላቀላል። ከረጋ አትረከቡ። የቲቢ ጀርም ግን በሁለቱም አይታይም፤ ማፍላት የግድ ነው።

እኔ ፍተሻውን በየቀኑ፣ ጉብኝቱን አልፎ አልፎ ሳልናገር በአለባ ሰዓት አደርጋለሁ። ስሄድም ግድግዳውን ትቼ ጄሪካኑን ነው የማየው። አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም። እጀታው ውስጥ የትናንት ወተት ተጋግሮ ይቀራል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ዋጋው ቢወደድም በስንት ጣዕሙ!